«የታደሰ ቃለ ምልልስ» ለሚሉ ሻጮች ከመክፈላችሁ በፊት

ሶል የሚባለውን የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ የሚጫወቱ ዘፋኞችን የድሮ ቃለ ምልልስ «አድሰን፣ አጥርተን አቅርበናል» የሚል ማስታወቂያ ሰሞኑን በአማርኛ ጭምር እየዞረ ነው። ሳም ኩክ፣ ኦቲስ ሬዲንግ፣ አሬታ ፍራንክሊን፣ ማርቪን ጌይ፤ የስሙ ዝርዝር ምራቅ ያስውጣል። ከሥሩ ደግሞ «ዓለማየሁ እሸቴን የማረኩ ድምፆች» የሚል ሐረግ ተጨምሯል፤ እሱ ለእኛ የተወረወረ መንጠቆ ነው። ስብስቡን በ140 ዶላር ገዝቼ ከዳር እስከ ዳር አዳምጬዋለሁ። የሻጩን ስም አልጽፍም፤ ስሙን እየቀያየረ ስለሚያስተዋውቅ ብጽፈውም አይጠቅማችሁም። ዕቃው ግን ያው ነውና ስለ ዕቃው ልንገራችሁ።

«ከዋናው ክር (ድምፁ መጀመሪያ ከተቀዳበት ቴፕ) በቀጥታ የተገለበጠ» ይላል። ሐሰቱን ለመያዝ የድምፅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። መጀመሪያ የፋይሉን መጠን ተመልከቱ። የቤተ መዛግብት ባለሙያዎች የቆየ ክር ሲገለብጡ የሚመርጡት የቅጂ ጥራት መለኪያ 96 ኪሎኸርዝ በ24 ቢት ነው። በዚህ መለኪያ የአንድ ሰዓት የሞኖ ንግግር 1 ጊጋባይት ገደማ ይሆናል። ለእኔ የደረሰኝ የአንድ ሰዓት ፋይል 58 ሜጋባይት ነበር፤ በ128 ኪሎቢት የታመቀ ኤምፒ3 ማለት ነው። ቅሬታ ሳቀርብ ያንኑ ፋይል ዌቭ ወደሚባለው ያልታመቀ የፋይል ዓይነት ለውጠው፣ መጠኑን አሳብጠው መልሰው ላኩልኝ። እብጠቱ አያታልላችሁ። ኦዳሲቲ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ፋይሉን ከፍታችሁ ስፔክትሮግራም የሚለውን ስትመርጡ የድምፁ ሥዕል ይወጣል፤ ወፍራሙ ድምፅ ከታች፣ ቀጭኑ ከላይ ነው። ከእውነተኛ ክር የመጣ ከሆነ የክሩ ሽሽታ (ሽሽ የሚለው የጀርባ ድምፅ) ወደ ላይ እየሳሳ ይሄዳል። የእነርሱ ግን 16 ኪሎኸርዝ አካባቢ ሲደርስ ቀጥ ያለ መስመር ሠርቶ ያልቃል፤ ከዚያ በላይ ጨለማ ነው። ኤምፒ3 አንዴ የጣለውን ድምፅ ፋይሉን በመለወጥ መመለስ አይቻልም።

ይህ ግን ከሁሉም ቀላሉ ጥፋት ነው። ከስብስቡ ውስጥ የአንድ የአሜሪካዋ ጆርጂያ ግዛት ተወላጅ ዘፋኝ ቃለ ምልልስ አለ። ያንኑ ቃለ ምልልስ ከዓመታት በፊት ከአንድ ጡረታ የወጣ የሬዲዮ ሰው በካሴት ተቀብዬ በቤቴ አኑሬዋለሁ፤ ስለዚህ ሁለቱን ጎን ለጎን ማዳመጥ ቻልሁ። በካሴቱ ላይ ጋዜጠኛው ስለ ልጅነት የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ሲጠይቀው ሰውየው ወዲያው አይመልስም። አየር ይስባል፣ በጉሮሮው ዜማ ቢጤ ያጉረመርማል፣ ጠረጴዛውን በጣቱ ሁለቴ ነካ ነካ ያደርጋል፣ ይስቃል፤ ከዚያ ነው የሚናገረው። በ«ታደሰው» ፋይል ላይ ከጥያቄው በኋላ ጸጥ ይላል። መስመሩ የተቋረጠ ስልክ ይመስላል። ትንፋሹም፣ ጉርምርምታውም፣ ሳቁም የሉም። ድምፁ ሲመለስ ደግሞ «ሰ» እና «ሸ» የሚሉ ድምፆች ሁሉ ከውኃ ሥር የመጡ ይመስላሉ።

ይህ የሚሆንበት ምክንያት ግልጽ ነው። የተለመደው የማጽጃ ፕሮግራም ሰው ከማይናገርበት ቦታ የሽሽታውን ናሙና ይወስድና ያንን የሚመስለውን ሁሉ ከመላው ቅጂ ላይ ይቀንሳል። መጠኑ በልክ ከሆነ ይጠቅማል። ሲበዛ ግን ሽሽታን የሚመስል የሰው ድምፅ አብሮ ይታጠባል፤ ሻካራ ጉሮሮ፣ ትንፋሽና ሹክሹክታ ለማሽኑ ከክር ሽሽታ ብዙም አይለዩም። እንግዲህ የሶል ዘፋኝ ማንነት ያለው በዚያው ሻካራነት ውስጥ ነው። የዜና አንባቢ ድምፅ እንዲህ ቢታጠብ ብዙም አይጎዳ ይሆናል፤ የኦቲስ ሬዲንግን ዓይነት ጉሮሮ እንዲህ ማጠብ ግን ሰውየውን ማጥፋት ነው።

አሁን ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ተጨምሮበታል። እሱ ከመቀነስም አልፎ በግምት ይሞላል። በእኔ ካሴት ላይ በትንሹ የተሸፈነ፣ ነገር ግን ለጆሮ የሚገባ «ሜከን» የሚል የከተማ ስም አለ፤ ሜከን በጆርጂያ ያለች፣ ኦቲስ ሬዲንግ ያደገባት ከተማ ናት። በእነርሱ ፋይል ላይ ሰውየው ጥርት ባለ ድምፅ «ሜሰን» ይላል። ያላለውን እያስባሉት ነው። ነገ አንድ ተማሪ ይህን ሰምቶ ቢጽፍ ሜሰን የምትባል ከተማ የሶል ታሪክ ውስጥ ገባች ማለት ነው።

የቀኑን ነገርም እዩ። በዝርዝራቸው ላይ «ኦቲስ ሬዲንግ፣ 1968» የሚል አለ። ኦቲስ ሬዲንግ ያረፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ታኅሣሥ 10 ቀን 1967 በዊስኮንሲን፣ ማዲሰን ከተማ አጠገብ አውሮፕላኑ ሐይቅ ውስጥ ወድቆ ነው። ሳም ኩክም ከታኅሣሥ 11 ቀን 1964 በኋላ ለማንም ቃል ሊሰጥ አይችልም። ምናልባት የተጻፈው ቅጂው በድጋሚ የተላለፈበት ዓመት ይሆን ብዬ ጠይቄ ነበር፤ መልሱ የ10 በመቶ ቅናሽ ኩፖን ሆነ። መቼ፣ የት፣ በየትኛው ጣቢያ፣ በማን ጠያቂነት እንደተቀዳ ያልተጻፈበት ቃለ ምልልስ ዋጋ የለውም።

«የባለቤትነት መብቱ ጊዜ አልፏል፣ እንደፈለጋችሁ ተጠቀሙበት» ማለታቸውም ሐሰት ነው። አሜሪካ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 ባወጣችው ሕግ መሠረት ከ1957 እስከ የካቲት 1972 አጋማሽ ድረስ የወጡ የድምፅ ቅጂዎች ጥበቃ እስከ የካቲት 2067 ይቆያል። ያልታተሙትም በዚሁ ይሸፈናሉ። በዩቲዩብ ቻናላችሁ ወይም በሬዲዮ ዝግጅታችሁ ላይ አስገብታችሁ ክስ ቢመጣ ሻጩ አጠገባችሁ አይቆምም።

የዚህን ዘመን ድምፅ ማዳመጥ የፈለገ ሰው 140 ዶላር አያስፈልገውም። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ከቦስተኑ የሕዝብ ማሰራጫ ጂቢኤች ጋር የሚያስተዳድረው የሕዝብ ብሮድካስቲንግ ቤተ መዛግብት በሺዎች የሚቆጠሩ የቆዩ ዝግጅቶችን በነጻ ከፍቷል። በቺካጎ የሬዲዮ ጠያቂው ስተድስ ተርክል ለአሥርት ዓመታት በደብልዩኤፍኤምቲ ሬዲዮ ያካሄዳቸው ውይይቶችም በነጻ ይደመጣሉ፤ ከማሃሊያ ጃክሰን ጋር ያደረጋቸው አሉበት። እሷ የመንፈሳዊ መዝሙር ሰው ብትሆንም ሶል የተወለደው ከዚያው ነው። ጠለቅ ብሎ ማጥናት የሚፈልግ ደግሞ የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ የአፍሪካ አሜሪካውያን ሙዚቃና ባህል ቤተ መዛግብትን ይጠይቅ። እነዚህ ቦታዎች ሽሽታውን እንዳለ ሲተዉት ታገኙ ይሆናል፤ ጆሮ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይለምደዋል።

ወደ አሳሳቢው ጉዳይ ልምጣ። ይኸው ሻጭ «የእናንተንም ክር እናድሳለን» ማለት ጀምሯል። በየቤታችን የታላላቅ ዘፋኞቻችን ቃለ ምልልስ ያለበት ካሴትና ሪል (በትልቅ ጥቅልል ላይ የተጠመጠመ ክር) ስላለ ይህ በቀጥታ ይመለከተናል። አንዲት ወዳጄ የአባቷን ሪል ሰጥታቸው ተጣሞ፣ ጠርዙ ተጨማዶ ተመለሰላት። «በምድጃ አድርቀነዋል፣ የግድ ነው» አሏት። የግድ አይደለም። በተለይ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ፖሊስተር ከሚባል ፕላስቲክ የተሠሩ አንዳንድ ክሮች፣ ለምሳሌ አምፔክስ 456፣ ማያያዣቸው (ድምፁ የተቀዳበትን ዱቄት ከፕላስቲኩ ጋር የሚይዘው ሙጫ) እርጥበት እየሳበ ያጣብቃል፤ ማጫወቻው ላይ እየተጣበቁ ይንጫጫሉ። እነርሱን 54 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ለሰዓታት ማድረቅ የታወቀ ዘዴ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው፣ አሲቴት ከሚባል ሌላ ፕላስቲክ የተሠራው ክር ግን ሙቀት ይገድለዋል። ጥቅሉን ወደ መብራት አንሡት፤ ብርሃን በጎኑ ካሳለፈ አሲቴት የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። አቼቶ አቼቶ ከሸተተ ደግሞ ማርጀት ጀምሯልና ለሌላ ጊዜ አትበሉት። «የትኛውን ክር ነው የምታደርቁት? ለምን?» ብላችሁ ጠይቁ፤ «ሁሉንም» ካሉ ክራችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ሌላው የመብራቱ ነገር ነው። በአሜሪካ የተቀዳ ክር ላይ የሚሰማው እም የሚል የኤሌክትሪክ ድምፅ 60 ኸርዝ (በሰከንድ 60 ንዝረት) ነው፣ ብዜቶቹም 120 እና 180። በኢትዮጵያ የተቀዳው ግን 50፣ 100፣ 150 ነው። የወዳጄን ቅጂ ስፔክትሮግራም ላይ ሳየው 60 እና 120 ላይ ጉድጓድ ተቆፍሯል፤ 50ው እንዳለ ቁጭ ብሏል። የወንድ የንግግር ድምፅ መሠረት በዚያው በ120 አካባቢ ስለሚያልፍ እምታውን ትተው የዘፋኙን ደረት ቆርጠው ወስደዋል ማለት ነው። ክሩ ከየት አገር እንደመጣ እንኳ አልጠየቋትም።

ማንም ይሁን ማን ክር ስትሰጡ ያልተነካውን የመጀመሪያ ቅጂ በዌቭ እንዲያስረክባችሁ በጽሑፍ አስፈርሙ። የጸዳው ፋይል ለብቻው ይምጣ። ያልተነካው በእጃችሁ ካለ ከአሥር ዓመት በኋላ የተሻለ ባለሙያ እንደገና ሊሠራው ይችላል።

ለከፈላችሁ ደግሞ፦ በአሜሪካ የምትኖሩና በክሬዲት ካርድ የከፈላችሁ ከሆነ፣ የተሰጣችሁ ከተስማማችሁበት ውጭ መሆኑን የሂሳብ መግለጫው ከተላከላችሁ በ60 ቀን ውስጥ ለካርዱ ባንክ በጽሑፍ አመልክቱ። እኔ አመልክቼ ጉዳዩ በመታየት ላይ ነው። በስልክ ገንዘብ ማስተላለፊያ ብትከፍሉ ቅናሽ እንሰጣለን የሚሉት ይህንኑ መንገድ ለመዝጋት ነው። ክራችሁ አሁንም እነርሱ ዘንድ ያለ ከሆነ ግን ስለ ገንዘቡ አንድም ቃል አትተንፍሱ። መጀመሪያ ክሩን በእጃችሁ አስገቡ፣ ክርክሩ ከዚያ በኋላ ይጀመር።