«ጸጥ ያለች ደሴት» ብለው ሲሸጡላችሁ መጀመሪያ ስሟን ጠይቁ

ይህን የምጽፈው እኔ በተበላሁበት መንገድ ሌላ ሰው እንዳይበላ ነው።

ማስታወቂያውን ያየሁት ቴሌግራም ላይ ነው። «የሁለት ቀን ዕረፍት ዝዋይ ሐይቅ ላይ፣ ጸጥ ባለች ደሴት» ይላል። ፎቶው ላይ ከውኃው መሀል ቀጥ ብሎ የወጣ አረንጓዴ ተራራ አለ። ዳር ላይ ድንኳን ተተክሏል፣ ከሰል ላይ ጀበና ተጥዷል። መኪና፣ ጀልባ፣ ምግብና አዳር ተጠቃሎ በሰው 6,500 ብር። ለእማዬ ሳሳያት «ይቺማ ደብረ ጽዮን ናት» አለች። እውነቷን ነው። ፎቶው የቱሉ ጉዶ ነበር።

እማዬ እዚያች ደሴት ለመሄድ ስትመኝ ዓመታት አልፈዋል። ቱሉ ጉዶ በኦሮምኛ ትልቅ ተራራ ማለት ነው። ምእመናን ደግሞ በደብሩ ስም ደብረ ጽዮን ይሏታል። ዮዲት ጉዲት በተነሳች ጊዜ የአክሱም ካህናት ታቦተ ጽዮንን ይዘው ወደዚህ እንደሸሹ፣ 70 ዓመት ያህልም እንዳቆዩት አባቶች ይተርካሉ። ጥንታዊ የብራና መጻሕፍትም ይገኙባታል። እንግዲህ ለእማዬ፣ ለእህቴና ለራሴ 19,500 ብር ከፈልኩ። የከፈልኩት በቴሌብር፣ በግለሰብ ስም ወደተመዘገበ ስልክ ነው። «ደረሰኙን መኪና ላይ ትወስዳላችሁ» ተባልኩ። አልተሰጠኝም።

ከአዲስ አበባ ሌሊት 11 ሰዓት ተነሳን። ባቱ (ብዙዎቻችን አሁንም ዝዋይ ነው የምንላት) 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነች በጠዋት ደረስን። ከዚያ ግን ቁርስ ነው፣ ጀልባ እየመጣ ነው እየተባለ እስከ አራት ሰዓት ተኩል አቆዩን። ውኃው በዚያ ሰዓት ዝም ብሎ ነበር። በኋላ የገባኝ ነገር ስላለ ይህን ሰዓት ያዙልኝ።

ጀልባው ላይ 11 ሰው ተጫነ። የሕይወት አድን ጃኬት ስቆጥር አራት ነው። አንዱን ለእማዬ አለበስኳት። ግማሽ ሰዓት ያህል እንደሄድን ጀልባው ቆመና አስጎብኚው «ደርሰናል» አለ። እማዬ ዙሪያዋን አየችና «ልጄ፣ ተራራውስ?» አለችው። «እማማ፣ ሁሉም ደሴት ያው ነው» ብሏት ወረደ።

የጀልባው ሹፌር ግን ሰው ነው። እህቴ ስትጠይቀው አልደበቀም። «ይቺ ደብረ ሲና ናት። ቱሉ ጉዶ ያቻት» ብሎ በሩቁ የምትታየውን ተራራ በእጁ አሳየን። «የተከፈለን ለዚህች ነው» አለ።

ጨዋታው እዚህ ላይ ነው። ሐይቁ ላይ አምስት ደሴቶች አሉ። እንደ ደብረ ሲናና ገሊላ ያሉት ለከተማው ይቀርባሉ። ቱሉ ጉዶ ግን 14 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ በሞተር ጀልባ መሄጃው ብቻ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። የጀልባ ጉዞ ዋጋ ደግሞ ከምንም በላይ ነዳጅ ነው። የሩቋን ፎቶ ለጥፎ ወደ ቅርቧ የወሰደ ሰው ልዩነቱን ኪሱ ይከታል። ማስታወቂያው ውስጥ የደሴቷ ስም ያልተጻፈውም ለዚህ ነው። መልሼ ሳነበው አንድም ቦታ «ቱሉ ጉዶ» አይልም። «ጸጥ ያለች ደሴት» ብቻ ነው የሚለው።

ደብረ ሲና የምትናቅ ቦታ አይደለችም። ወፉ፣ ሸምበቆው፣ አየሩ ደስ ይላል። ቀድመው በስሟ ነግረውኝ ቢሆን በደስታ እሄድ ነበር። የቆየነው ግን 40 ደቂቃ ነው። አዳሩስ ስንል «ነፋስ ተነስቷል፣ አንችልም» ተባልን።

ነፋሱ ውሸት አልነበረም። ወደ ቀትር ገደማ ማዕበሉ ጀልባውን ሲያንገላታው እማዬ እጄን ጨብጣ ነው የተመለሰችው። ሹፌሩ እንደነገረን ሩቅ የሚሄድ ሰው ማለዳ ውኃው ሳይነሳ ነው የሚወጣው። በአራት ሰዓት ተኩል ተነስቶ ቱሉ ጉዶ ላድርሳችሁ የሚል፣ ለመድረስ አላሰበም ማለት ነው። ሌላም ነገር ጠየቅኩት፦ ደሴቷ ላይ የሚጠብቀን ሰው ነበር ወይ? ማንም አልተነገረውም። ደሴቶቹ የዛዮች አገር ናቸው፤ የራሳቸው ቋንቋ ያላቸው፣ ዓሣ የሚያጠምዱና የሚያርሱ ሰዎች ናቸው። ድንኳን የሚተከለው በሰው ደጅ ላይ ነው። ሳያስፈቅዱ አዳር መሸጥ እነሱንም መናቅ ነው።

ያደርነው ከተማው ውስጥ፣ ዋናው መንገድ ዳር ያለ አልጋ ቤት ነው። ሌሊቱን ሙሉ የከባድ መኪና ድምፅ ነበር። እራት የበላነውንም ዓሣ ራሳችን ከፍለናል።

ሰኞ ጉዞውን ለሸጠልኝ ሰው ደውዬ ገንዘቤን ጠየቅኩ። «አየሩ ነው፣ የእኛ ጥፋት አይደለም» አለ። ስለ ደሴቷ ስጠይቀው ስልኩን ዘጋው፣ ከዚያም ብሎክ አደረገኝ። በ2006 የወጣው የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ አሳሳች ማስታወቂያን የሚከለክል ነው። አቤቱታ ለማቅረብ ስነሳ ግን በእጄ ያለው ወደ ግለሰብ ስልክ ገንዘብ የላክሁበት መልእክት ብቻ ነው። ማስታወቂያውን እንኳ ስክሪንሹት አላደረግኩም ነበር። እናንተ አድርጉ፤ ከመክፈላችሁ በፊት።

የደሴቷን ስም በጽሑፍ አስልኩ። ጀልባው በስንት ሰዓት ይነሳል ብላችሁ ጠይቁ፤ ማለዳ ካልሆነና ሩቅ ነው ካሏችሁ ተዉት። ጃኬቱ በሰው ቁጥር ካልሆነ፣ ቢያፍሩም ቢቆጡም አትሳፈሩ። ደግሞ ከተቻላችሁ መካከለኛውን ዝለሉት። ሐይቁ ዳር ወርዳችሁ ከጀልባ ባለቤቶቹ ጋር ራሳችሁ ተነጋገሩ። ዋጋውን በሰው ሳይሆን በጀልባ ተስማሙ፤ ለመሄጃውና ለመመለሻው፣ እዚያ ለሚጠብቁበትም ጭምር። ከዚያ የሚበዛውን የምትከፍሉት ተመልሳችሁ ስትወርዱ ይሁን።

ማስታወቂያው ትናንት ማታ እንደገና ወጥቷል። ፎቶው ያው ነው። ዋጋው 7,000 ብር ሆኗል።