«ሁሉም ተካቷል» ለተባለው እራት ሱሪ ስገዛ

የሆቴሉ ሱቅ በር ከሆቴሉ ምግብ ቤት በር ፊት ለፊት ነው። ይህን ያስተዋልሁት ሱሪውን ገዝቼ ከወጣሁ በኋላ ነው።

ነሐሴ ላይ እኔና ባለቤቴ፣ ወንድሟና ሚስቱ ሆነን ከቨርጂኒያ ወደ ሜክሲኮዋ ካንኩን ከተማ ለ7 ሌሊት ሄድን። የከፈልነው ሁሉን ያካተተ ለሚባለው ጥቅል ነው፦ አልጋ፣ ምግብ፣ መጠጥ፣ ስድስት ምግብ ቤት። ስድስቱም ማስታወቂያው ላይ በፎቶግራፍ ተደርድረዋል፤ ስለ ልብስ ግን አንድ መስመር አልተጻፈም። በመጀመሪያው ምሽት የጣሊያን ምግብ ወደሚቀርብበት ሄድን። በር ላይ የቆመችው ልጅ ፈገግ ብላ እግሬን አየች። ቁምጣ ለብሻለሁ፣ ነጠላ ጫማ አድርጌአለሁ። ወንድ ረጅም ሱሪ ካልለበሰና ጣቱን የሚሸፍን ጫማ ካላደረገ አይገባም አለችኝ። የባለቤቴ ጫማ ከእኔ የባሰ ክፍት ነበር፤ ለሴት ይፈቀዳል። የሊነን ሱሪው 85 ዶላር፣ ሸራ ጫማው 60 ዶላር። ከፍዬ ገባሁ፤ የበላሁት ፓስታ ነው።

ልብስ መጠየቃቸውን አልቃወምም። እኛም ብንሆን ሠርግ ቤት በቁምጣ አንሄድም። ያናደደኝ ደንቡ ገንዘቤን ከተቀበሉ በኋላ መነገሩ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ጥቅል የምትገዙ ወንዶች አንድ ቀጭን ረጅም ሱሪ፣ አንድ ኮሌታ ያለው ሸሚዝና አንድ ቀላል ሽፍን ጫማ ከቤታችሁ ያዙ። ኮትና ክራባት አያስፈልግም። ጓያቤራ የሚባለው የዩካታን ሸሚዝ እዚያ አገር የክብር ልብስ ነው፤ ከሱሪው ውጭ ተለቆ ይለበሳል፣ ለሙቀቱም ከእርሱ የሚሻል የለም። የሚገዛው ግን ከሆቴሉ ሱቅ ሳይሆን ከመሀል ከተማው ነው።

ሱሪውስ ይቅር። በማግስቱ ወደ ጃፓኑ ምግብ ቤት ስንሄድ ቦታ አስቀድማችሁ መያዝ ነበረባችሁ ተባልን። ለሳምንት የሚፈቀደው ደግሞ ሦስት እራት ብቻ ነው፤ የቀረው ሁሉ ቡፌ ነው። ቦታ የሚያዘው ሆቴሉ መግቢያ ላይ ባለ ጠረጴዛ ነው። ነጭ ሸሚዝ የለበሰው ሰውዬ ዝርዝሩን አገላብጦ እስከ ሐሙስ ሞልቷል አለ። ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ነገ ጠዋት 90 ደቂቃ የሚፈጅ ቁርስ ላይ ብትገኙ ዛሬውኑ ቦታ እሰጣችኋለሁ፣ የሎብስተር እራት እጨምርላችኋለሁ አለን። የሆቴሉ ሠራተኛ መስሎን ነበር። ለካ የዕረፍት ቤት ድርሻ (ታይምሼር)፣ ማለትም በየዓመቱ ለተወሰኑ ቀናት በዕረፍት ቤት የመጠቀም መብት፣ ሻጭ ኖሯል። ተመሳሳይ ሰዎች አውሮፕላን ማረፊያው መውጫ ላይም የመጓጓዣ ሠራተኛ መስለው ይቆማሉ፤ ዓይናቸውን ሳታዩ እለፉ። ወደ መሀል ከተማ የሚወስደው የአዴኦ አውቶቡስ ራሱ የቲኬት መሸጫ አለው።

90 ደቂቃ የተባለው ሦስት ሰዓት ተኩል ሆነ። ዋጋው 32,000 ዶላር ብሎ ጀመረ። እምቢ ስንል አለቃ የተባለ መጣ፤ 18,000 ሆነ። እንደገና እምቢ ስንል ሌላ አለቃ መጣ፤ 11,000። እንደ መርካቶ ነጋዴ ነው ብዬ ልሳቅ አልሁና ተውኩት፤ የመርካቶ ነጋዴ ትቼ ስሄድ ቢጠራኝ እንጂ በር ላይ ቆሞ አያግደኝም። በመጨረሻ የባለቤቴ ወንድም ደክሞት «የሙከራ አባልነት» የተባለ ውል ፈርሞ በካርዱ 1,990 ዶላር ከፈለ። ውሉ ውስጥ በስፓኒሽ ምን እንደተጻፈ ከአራታችን የሚያውቅ አልነበረም።

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ፦ በሜክሲኮ ሕግ እንዲህ ያለውን ውል ከፈረሙ በኋላ በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ ያለ ምንም ቅጣት መሰረዝ ይቻላል። ሻጩ «ይህ ስጦታ ስለሆነ አይመለስም» ቢላችሁ አትመኑት። ማመልከቻውን በጽሑፍ አድርጉት፣ አገር ሳትለቁ አስረክቡ፣ በቅጂው ላይ የተቀበሉበትን ቀንና ፊርማ ያዙ፣ ለካርዳችሁ ባንክም ያንኑ ቀን አሳውቁ። ሲያንገራግሩ ፕሮፌኮ የሚባለውን የፌዴራል የሸማቾች ጥበቃ ቢሮ ስም ጥሩባቸው፤ ካንኩን ውስጥ ጽሕፈት ቤት አለው። እኛ በሦስተኛው ቀን ሰረዝን። ገንዘቡ ተመልሷል፤ ሁለት ወር ግን አስጠብቋል።

ፈርመው ለቀሩት መዘዙ እዚያ አያበቃም። ዓመታት ቆይቶ «ድርሻህን የሚገዛ ሰው ተገኝቷል፣ ግብሩን አስቀድመህ ላክ» የሚል ስልክ ይደወላል። የአሜሪካ የገንዘብ ሚኒስቴር ይህን ማጭበርበር ሃሊስኮ ከሚባለው የሜክሲኮ የዕፅ አዘዋዋሪ ቡድን ጋር አያይዞታል። ኤፍቢአይ እንዳለው ከ2019 እስከ 2023 ወደ 6,000 የሚሆኑ አሜሪካ ያሉ ሰዎች በዚህ መንገድ 300 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ማጣታቸውን አመልክተዋል።

አሁን ወደ ምግቡ። ጉዟችን ጾመ ፍልሰታ ላይ ወድቆ ነበር። እኔ መንገደኛ ነኝ ብዬ ራሴን ፈትቻለሁ፤ ባለቤቴ ግን ጾመኛ ናት። ቡፌው ላይ ባቄላ የመሰለ ጥቁር ቦሎቄ አይታ ደስ አላት። ደግነቱ ጠየቀች፤ የተሠራው በአሳማ ስብ ነው። ማንቴካ ይሉታል። ለጾመኛም ለሙስሊምም ዋናው ጥያቄ «ቲዬኔ ማንቴካ?» ነው፤ ቦሎቄውም፣ ታማሌ የሚባለው በቅጠል ተጠቅልሎ የሚበስል የበቆሎ ሊጥም ውስጥ ይገባል። ሩዙም ብዙ ጊዜ በዶሮ መረቅ ይበስላል። የአካባቢው ስመ ጥር ምግብ ኮቺኒታ ፒቢል አሳማ ነው፤ በዶሮ የሚሠራውን ፖዮ ፒቢል ብላችሁ ጠይቁ።

ባለቤቴ ጠግባ የበላችው ከሆቴሉ ወጥተን ነው። ከሆቴሎቹ ሰፈር አር-1 ወይም አር-2 አውቶቡስ ይዛችሁ መሀል ከተማ ውረዱ፤ በቱሉምና በያሽቺላን ጎዳናዎች መካከል ፓርኬ ዴ ላስ ፓላፓስ የሚባል አደባባይ አለ። ማታ ቤተሰብ ሁሉ ልጁን ይዞ ይወጣል፣ ዙሪያው ምግብ ይሸጣል። እርሷ ቶርቲያ የሚባለውን የበቆሎ ቂጣ በአቮካዶ፣ የተጠበሰ ኖፓልና ማንጎ በሎሚና በሚጥሚጣ በላች። ኖፓል የበለስ ቁልቋል ቅጠል ነው፤ የትግራይ በለስ ዘሩ ከዚያው ከሜክሲኮ ነው፣ እኛ ፍሬውን ብቻ ስንበላ እነርሱ ቅጠሉንም እሾሁን ገፈው ይጠብሱታል። ቅቅል በቆሎው ማዮኔዝና አይብ ስለሚደረግበት ያለ እርሱ እንዲሰጧችሁ ንገሯቸው። እኛ ሦስታችን ሳልቡቴስ የሚባለውን ዶሮ የተደረገበት የተጠበሰ ቶርቲያ በላን፣ ማርኬሲታ የሚባለውን አይብ የተጠቀለለበት ቀጭን ቂጣ ጨመርን። የአራታችን ሒሳብ 640 ፔሶ ነበር፤ ከሱሪዬ ዋጋ ግማሽ አይሞላም። የለበስሁትም ቁምጣዬን ነው።

ምልክቱ እንዳያሳስታችሁ፦ ሜክሲኮዎች ፔሶንም የሚጽፉት በዶላር ምልክት ነው። 180 ተብሎ የተጻፈ ሳህን አያስደነግጣችሁ፤ በቱሪስት ሰፈር ግን በእርግጥ ዶላር የሚሆንበት ጊዜ ስላለ ከማዘዛችሁ በፊት ጠይቁ። የካርድ ማሽኑ በዶላር ወይስ በፔሶ ሲላችሁ ፔሶ በሉ። ጉርሻ በሕግ የፈቃድ ጉዳይ ነው፤ ከ10 እስከ 15 በመቶ መስጠት ልማድ ቢሆንም ሒሳቡ ላይ ሳትጠየቁ ተደምሮ ከመጣ እንዲነሣ ማድረግ ትችላላችሁ።

ቺቼን ኢትዛ ወደሚባለው የጥንት ማያዎች ከተማ ፍርስራሽ ከሄዳችሁ ሰፊ ባርኔጣና ሽፍን ጫማ ያዙ፤ ጥላ የለም፣ ፒራሚዱን መውጣት የተከለከለ ነው። ሴኖቴ በሚባለው የተፈጥሮ የውሃ ጉድጓድ ውስጥ ለመዋኘት የፀሐይ ቅባቱን አስቀድሞ መታጠብ ግዴታ ነው።

ለሚቀጥለው ጉዞ ጥቅሉን የሚሸጥልንን የጉዞ ወኪል በጽሑፍ የምጠይቀው፦ ስንት እራት ከቡፌ ውጭ ይፈቀዳል? ቦታ የሚይዝልን ማን ነው፣ ሆቴሉ ወይስ ሻጭ? ለወንድ የሚፈቀደው ልብስ ምንድን ነው? የእኛን ወኪል እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ከተመለስን በኋላ ልኬለት ነበር። መልእክቱን ማንበቡ ይታያል፤ መልስ ግን እስካሁን የለም።