ሳንቲም የት ልግዛ፣ የት ልሽጥ? ሱቅ፣ ጨረታና ኦንላይን ሲነጻጸሩ

ሳንቲም ሱቅ ገብታችሁ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ «ይህንኑ ሳንቲም ነገ መልሼ ባመጣው በስንት ትወስዱታላችሁ?» አንዱ ሱቅ ሳያቅማማ ቁጥር ይጠራል። ሌላው «እሱን ያኔ እናየዋለን» ይላል። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ የጠራው ቁጥር ባያስደስተኝም እንኳ። ይህን መጠየቅ የጀመርኩት ከተጎዳሁ በኋላ ነው።

በሚዛን የሚገዛና በዓይን የሚገዛ ሱቅ

አጎቴ ሲሞት አንድ ከረጢት የብር ሳንቲም ደረሰኝ። አብዛኞቹ ሞርጋን ዶላር የሚባሉት ነበሩ፤ አሜሪካ ውስጥ ከ1878 ጀምሮ የተመቱ ትላልቅ ሳንቲሞች። ቸኩዬ ስለነበር መጀመሪያ ያገኘሁት ሱቅ ይዣቸው ገባሁ። ሰውየው ከረጢቱን ሚዛን ላይ ዘረገፈው። ካልኩሌተሩን ነካ ነካ አደረገና ዋጋ ነገረኝ። አንዱንም ሳንቲም ገልብጦ አላየም። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ገንዘቤን ቆጥሬ ወጣሁ።

ከወራት በኋላ ለመግዛት ሌላ ሱቅ ሄድኩ። ባለቤቷ ጠና ያሉ ሴት ናቸው። ጥቁር ጨርቅ ዘረጉ። አንድ ሞርጋን ዶላር አንስተው በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው ጠርዙን ብቻ ያዙት። መብራቱ ስር ዘንበል ቀና አደረጉት። ከዚያ ማጉያ መነጽሩን ሰጡኝ። «ከንስሩ ጭራ በታች እይ፣ ልጄ። ምን አለ?»

ሁለት የላቲን ‹ሲ› ፊደሎች ነበሩ፤ በባዶ ዓይን ጭረት የሚመስሉ። ሳንቲሙ የተመታው ካርሰን ሲቲ በምትባል የአሜሪካ ከተማ በነበረው የሳንቲም መምቻ ቤት መሆኑን የሚናገሩ ናቸው። ፊደል የሌለውም፣ ሁለት ‹ሲ› ያለበትም እኩል 26.73 ግራም ይመዝናሉ። ሁለቱም 90 በመቶ ብር ናቸው። ሚዛን አይለያቸውም። ሰብሳቢ ግን ፊደሉ ላለበት ጨምሮ ይከፍላል፤ አንዳንዴም እጥፍ ድርብ። እኔ ከሸጥኳቸው መካከል እንዲህ ያለ ነበረ? አላየሁማ። ዛሬም ያንገበግበኛል።

እንግዲህ ሁለቱ ሱቆች እዚህ ላይ ነው የሚለያዩት። በሚዛን የሚገዛው ፈጣን ነው። የተሰባበረ ወይም ያለቀለት ብር ከሆነ የያዛችሁት አይጎዳችሁም። በዓይን የሚገዛው ጊዜ ይወስዳል፤ እያንዳንዱን ለይቶ፣ ለእያንዳንዱ ዋጋ ይጽፋል። ዝርዝሩን በወረቀት ስጡኝ ስትሉት የማይከፋው ሱቅ ነው የሚሻለው። ወረቀቱን ይዛችሁ ሌላ ቦታ ማወዳደር ትችላላችሁ።

ለወርቁ ነው ወይስ ለሳንቲሙ?

የት መሄድ እንዳለባችሁ የሚወስነው የምትፈልጉት የሳንቲም ዓይነት ነው። ክሩገራንድን እንውሰድ። ደቡብ አፍሪካ ከ1967 ጀምሮ የምታወጣው የወርቅ ሳንቲም ነው። ባለ 22 ካራት ነው፣ 33.93 ግራም ይመዝናል፣ ውስጡ ያለው ንጹህ ወርቅ ልክ አንድ አውንስ ወይም 31.1 ግራም ነው። ዋጋው የዕለቱን የወርቅ ዋጋ ይከተላል። እዚህ ላይ የባለሱቁ ችሎታ ብዙም አይጠቅማችሁም። የሚሸጥበትንና የሚገዛበትን ዋጋ ጠይቃችሁ ልዩነቱ ጠበብ የሚልበት ሱቅ ሂዱ። አለቀ።

የሰብሳቢ ሳንቲም ግን ሌላ ዓለም ነው። ዋጋው በይዞታው፣ ማለትም ምን ያህል ሳያልቅና ሳይጫር እንደቆየ ይወሰናል። ይዞታ ደግሞ አሜሪካዊው ሳንቲም ሰብሳቢ ዊሊያም ሼልደን በ1949 ባወጣው ከ1 እስከ 70 ባለው መለኪያ ነው የሚነገረው። በአንድ ነጥብ ልዩነት ዋጋ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ችግሩ ነጥቡን የሚሰጠው ራሱ ሻጩ ሲሆን ነው። ሲሸጥላችሁ 65 ያለውን ሳንቲም መልሳችሁ ስታመጡለት 63 ሲል የሚሰማ ሱቅ አለ። ሳንቲሙ ያው ነው። የተለወጠው ባለሱቁ የቆመበት ቦታ ነው። መግቢያዬ ላይ ያልኳችሁን ጥያቄ የምወደውም ለዚህ ነው፤ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ባለሱቁን በራሱ ነጥብ ያስይዘዋል።

ውድ ሳንቲም ከሆነ ይዞታው በሦስተኛ ወገን የተመረመረ ብትገዙ ይሻላል። ከ1986 ጀምሮ ፒሲጂኤስ፣ ከ1987 ጀምሮ ደግሞ ኤንጂሲ የሚባሉት ድርጅቶች ሳንቲም መርምረው፣ ነጥብ ሰጥተው፣ ቁጥር ባለው ፕላስቲክ ውስጥ ያሽጉታል። ቁጥሩን በድረ ገጻቸው አስገብታችሁ አረጋግጡ። ፕላስቲኩም ፎርጅድ ይሠራለታልና ፎቶ ካለ ከያዛችሁት ጋር አስተያዩት።

ኦንላይን

ምርጫው ሰፊ ነው። በአንድ ምሽት የምታዩትን ሳንቲም በሱቅ በዓመትም አታዩትም። ግን ፎቶ ብዙ ነገር ይደብቃል። የተፈተገ ሳንቲም ፎቶ ላይ ያብረቀርቃል፤ እጃችሁ ላይ መብራት ስር ስታዞሩት ነው ጸጉር የሚያክሉ ጭረቶች የሚታዩት። የተፈተገ ሳንቲም ደግሞ ሰብሳቢ ዘንድ ይረክሳል። (ለመሸጥ የምታስቡትን ሳንቲም አታጽዱ። በፍጹም። ጥቁረቱም ዋጋው ነው።)

ሌላው ወጥመድ ዓመተ ምሕረቱ ነው። ማሪያ ቴሬዛ ታለር ላይ 1780 ተብሎ ተጽፏል። ንግሥቲቱ የሞተችበት ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ ግን በቪየና፣ በለንደን፣ በሮም፣ በቦምቤይና በሌሎችም ከተሞች ያንኑ ዓመት ይዞ ሲመታ ኖሯል። ኦንላይን «የ1780 ጥንታዊ ሳንቲም» ተብሎ የሚቀርበው አብዛኛው በኋላ የተመታ ነው። 28.07 ግራም በሚመዝነው ሳንቲም ውስጥ ያለው ብር እንደ ብርነቱ የራሱ ዋጋ አለው፤ ችግሩ የጥንታዊ ዋጋ መጠየቁ ነው። ሱቅ ውስጥ ግን «የትኛው ጊዜ የተመታ ነው?» ብላችሁ ፊት ለፊት ትጠይቃላችሁ። የሚያውቅ ነጋዴ የትኞቹን ዝርዝሮች አይቶ እንደለየ ያሳያችኋል።

የውሸት ሳንቲምም አለ። ርካሹን በማግኔት፣ በሚዛንና በዲያሜትር መለኪያ ትይዙታላችሁ። የወርቁ ይከብዳል፦ ቱንግስተን የሚባለው ብረት እፍጋቱ በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 19.25 ግራም ነው፣ የንጹህ ወርቅ ደግሞ 19.3። በውስጡ ቱንግስተን የተቀበረበትን ሚዛን ብቻውን አያጋልጠውም። ስለዚህ ኦንላይን ከሆነ የሚመለስበት ቀን ገደብ በጽሑፍ ካልተቀመጠ እለፉት። ሱቅ ከሆነ ፊታችሁ ይመዘን፣ ደረሰኙ ላይ የሳንቲሙ ስም፣ ዓመቱና ክብደቱ ይጻፍ። «አንድ የወርቅ ሳንቲም» የሚል ደረሰኝ በኋላ አያሟግትም።

ጨረታ

ጨረታ ለብርቅዬ ሳንቲም ነው። ገዢ ከሆናችሁ የጠራችሁት ዋጋ የመጨረሻው አይደለም፤ ብዙ አጫራቾች በላዩ 20 በመቶ አካባቢ ይጨምራሉ። ከመጫረታችሁ በፊት ይህን ቀንሳችሁ ወሰናችሁን ጻፉ። የጦፈ ጨረታ ላይ ሂሳብ መሥራት አይቻልም። ሻጭ ከሆናችሁ ደግሞ ኮሚሽን አለ፣ ገንዘቡን መጠበቅም አለ። ተራ ሳንቲም መላክ ኪሳራ ነው።

ታዲያ የቱን?

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዛ ሰው ሱቅ ይሂድ። የሚከፍለው ትንሽ ጭማሪ ለትምህርቱ ነው፤ ሳንቲም ይዞ ማየት በፎቶ አይለመድም። የሚፈልገውን ለይቶ የሚያውቅ ሰው ኦንላይን ይሻለዋል። የወርቅና የብር ክብደት ብቻ የሚፈልግ ሦስት ሱቅ ደውሎ ዋጋ ያወዳድር። ውርስ የሚሸጥ ሰው ግን ቢያንስ ሁለት ቦታ ያስገምት፤ በመጀመሪያው ቀን አይሽጥ። እንደኔ እንዳይሆን።

አጎቴ ከብሮቹ ሌላ አንድ የወርቅ ሳንቲም ትቶልኝ ነበር፤ እሱን አስቀርቼው ነበር። ባለፈው ዓመት ለእኚያው ሴት ወሰድኩላቸው። በማጉያው ለረጅም ጊዜ አዩት፤ አገላበጡ፣ እንደገና አዩት። በስንት እንደሚገዙኝ በወረቀት ጻፉና ወረቀቱን ወደኔ ገፉት። «ይህ የኔ ዋጋ ነው። ከቸገረህ ዛሬ እከፍልሃለሁ። ካልቸገረህ ግን ጨረታ ላከው» አሉኝ።

ላክሁት። ገንዘቡ እጄ የገባው በአምስተኛው ወር ነው። ኮሚሽኑ ተቀንሶም ወረቀቱ ላይ ከተጻፈው ይበልጣል። በማግስቱ በከፊሉ ከእሳቸው ሱቅ ሌላ ሳንቲም ገዛሁበት፤ መልሰው በስንት እንደሚወስዱት ከጠየቅኋቸው በኋላ።