ለኮምቦልቻው የፍሪጅ ጥገና ባለሙያ ምስጋና፣ ቤት ውስጥ ቢራ ለምትሞክሩም ጥቆማ

ይህን ጽሑፍ የማቀርበው በኮምቦልቻ ከተማ መናኸሪያው አካባቢ አነስተኛ የፍሪጅና የማቀዝቀዣ ጥገና ቤት ከፍተው ለሚሠሩ አንድ ባለሙያ በአደባባይ ምስጋናዬን ለማድረስና፣ ተመሳሳይ ሥራ ለሚያስፈልጋችሁ የኮምቦልቻ፣ የደሴና የአካባቢው ነዋሪዎች እሳቸውን ለመጠቆም ነው። ስማቸው በማኅበራዊ ሚዲያ እንዲወጣ ስላልፈለጉ በሠፈሩ እንደሚጠሩት «ጋሼ» እያልኩ እቀጥላለሁ። አድራሻቸውን ግን ለሚፈልግ ሰው በውስጥ መስመር እንድሰጥ ፈቅደውልኛል።

የሠሩልኝ ሥራ ለፍሪጅ ጠጋኝ ያልተለመደ ስለሆነ ምን እንደነበር አስቀድሜ ማስረዳት ይኖርብኛል። እኔ ቤት ውስጥ ቢራ መጥመቅ በመማር ላይ ያለሁ ጀማሪ ነኝ። የምጠምቀው ኤል የሚባለውን የቢራ ዓይነት፣ በተለይም ሆፕስ የተባለው ማምረሪያ አበባ በብዛት የሚገባባቸውን ፔል ኤልና አይፒኤ ሲሆን፣ ገብስ አብቅዬ፣ ፈጭቼና ዘፍዝፌ ከመነሳት ይልቅ ውጭ አገር የምትኖረው እህቴ በምትልክልኝ የብቅል ኤክስትራክት ዱቄት እጠቀማለሁ። ዱቄቱ ፋብሪካ ውስጥ ብቅሉ በሙቅ ውሃ ተዘፍዝፎ ስኳሩ ከወጣ በኋላ ፈሳሹ ተንኖ የደረቀ ስለሆነ ጀማሪውን ከሥራው ትልቁን ክፍል ይገላግለዋል። 1.5 ኪሎ ዱቄት ተሟሙቶ በመጨረሻ 10 ሊትር ዎርት፣ ማለትም እርሾ ያልገባበት የብቅል ፈሳሽ፣ ሲወጣው የፈሳሹን ጥግግት ከውሃ ጋር አነጻጽሮ የሚለካው ሃይድሮሜትር 1.055 ገደማ ያሳያል፤ ከዚያ የሚገኘው ቢራም አልኮሉ ከ5 በመቶ ጥቂት ከፍ ይላል። ዕድሜዋን ሙሉ ጠላ ስትጠምቅ የኖረችው አክስቴ ይህን ስነግራት «አሻሮውም እንኩሮውም ከቀረልህ ታዲያ ምኑ ነው የሚያለፋህ?» ስትል ጠይቃኝ ነበር።

የሚያለፋው ሙቀቱ ነው። ሆፕስ በጠላችን ውስጥ ጌሾ የሚሠራውን የማምረር ሥራ የሚሠራ፣ በዝርያው ግን ከጌሾ የተለየ ሐረግ ሲሆን፣ ለጠመቃ የሚውለውም የሴቴዋ ተክል አበባ ነው። አበባው ውስጥ ያሉት አልፋ አሲዶች እንዳሉ ብዙም አያመርሩም፤ ረዘም ላለ ጊዜ ሲፈሉ ቅርጻቸው ተለውጦ ነው ምሬቱ የሚመጣው። መዓዛውን የያዙት ዘይቶች ደግሞ በተቃራኒው ብዙ በፈሉ ቁጥር ከእንፋሎቱ ጋር ይወጣሉ። በዚህ ምክንያት ለምሬት የታሰበው ሆፕስ ዎርቱ መፍላት እንደጀመረ ገብቶ አብዛኛውን ጊዜ ለ60 ደቂቃ ይፈላል፤ ለመዓዛ የታሰበው ግን በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች፣ ወይም እሳቱ ከጠፋ በኋላ ይጨመራል። እህቴ አዘውትራ የምትልክልኝ ካስኬድ የተባለውን፣ በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት ተዳቅሎ እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣውን ዝርያ ነው። ፓኬቱ ሲከፈት ቤቱን የሚሞላው የብርቱካን ልጣጭ የሚመስል ሽታ ቢራው ውስጥ ካልተገኘ፣ ያን ያህል መንገድ አቋርጦ መምጣቱ ትርጉም አይኖረውም።

እዚህ ላይ የአገራችን ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 ሜትር በላይ በሆነችው ኮምቦልቻ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው፤ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ደሴ ደግሞ ወደ 92 ይወርዳል። አልፋ አሲዶቹ በዚህ ሙቀት የሚለወጡት በዝግታ ስለሆነ፣ ለቆላማ አገር የተጻፈ አሠራር እዚህ ሲሞከር ምሬቱ ያንሳል። ይህን ግን የማምረሪያውን ሆፕስ ጥቂት በመጨመር ወይም በማፍላቱ ላይ ደቂቃዎችን በማከል ማስተካከል ይቻላል። አስቸጋሪው እሳቱ ከጠፋ በኋላ ያለው ነው። ዎርቱ ወደ 80 ዲግሪ እስኪወርድ ድረስ ለመዓዛ ብለን ያስገባነው ሆፕስ ማምረሩን ስለማያቆም፣ ድስቱ በቆየ ቁጥር መዓዛው እየቀነሰ ያልታሰበ ምሬት ይጨምራል። ወደ ለብታ ሲቃረብ ደግሞ ከአየር ላይ የሚገባ ባክቴሪያ እርሾውን ቀድሞ ሊራባበት ይችላል። እርሾው ከገባ በኋላም የኤል እርሾ በአመዛኙ ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ባለው ሙቀት ንጹሕ ሥራ ይሠራል፤ ከዚያ ብዙ ካለፈ የቀለም ማቅጠኛ የሚመስል ሽታ ያመጣል። የኮምቦልቻን ግንቦት የሚያውቅ ሰው፣ ያለ ማቀዝቀዣ ሳሎን ጥግ የተቀመጠ በርሜል በ20 ዲግሪ እንደማይቆይ ማስረጃ አይጠይቀኝም።

ወደ ጋሼ የሄድኩት እነዚህን ሁለት ችግሮች ይዤ ነው፤ አንደኛው የፈላውን ዎርት በፍጥነት ማቀዝቀዝ፣ ሁለተኛው በመብላላት ላይ ያለውን ቢራ በሚፈለገው ሙቀት ማቆየት። ቀደም ሲል የጠየቅኩት ሌላ ጥገና ቤት ነገሩን ሳይጨርስ አሮጌ ፍሪጄን እንድሸጥለት መክሮ ነበር ያሰናበተኝ። ጋሼ ግን ሥራቸውን አቁመው አዳመጡኝ። ስንት ሊትር እንደሆነ፣ ከስንት ዲግሪ ተነስቶ ስንት ላይ መድረስ እንዳለበት፣ የድስቱን ወርድና ቁመት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቱቦው የሚጠጣውን ነገር በቀጥታ ይነካ እንደሆነ አንድ በአንድ ጠየቁኝ። ከዚያም «አብሽር፣ ይሄ የእኛው ሥራ ነው፤ ከሞቀ ነገር ላይ ሙቀቱን መውሰድ ነው» አሉኝ።

የመጀመሪያው ሥራ ድስቱ ውስጥ ተጠምቆ በውስጡ ቀዝቃዛ ውሃ የሚያልፍበት ጥቅልል የመዳብ ቱቦ መሥራት ነበር። ከተፈቱ ኤሲዎች የተነቀለ ቱቦ ጥግ ላይ ተቆልሎ ስላየሁ ወጪ ለመቀነስ እሱን እንዲጠቀሙ ሐሳብ አቀረብኩ። ጋሼ አንዱን ብድግ አድርገው ጫፉን በጨርቅ ጠረጉና በኮምፕሬሰር ዘይት የጠቆረውን ጨርቅ አሳዩኝ፤ አረንጓዴ ዝገት የያዘውን ጎንም በጥፍራቸው ፋቅ አደረጉት። ለምግብ የሚውል ዕቃ ከዚህ እንደማይሠሩ ነግረውኝ አዲስ፣ ባለ 3/8 ኢንች ለስላሳ ቱቦ አስገዙኝ። የመዳብ ቱቦ ሲታጠፍ በቀላሉ ይጨፈለቃል፤ የተጨፈለቀው ቦታ ደግሞ ውሃውን ያንቀዋል። ስለዚህ በወንፊት የተነፋ ደረቅ አሸዋ በቱቦው ውስጥ ሞልተው፣ ጫፎቹን ደፍነው፣ ከድስቴ ጠበብ ባለ የብረት ሲሊንደር ላይ ቀስ እያሉ ጠቀለሉት። አሸዋው በእንጨት መዶሻ እየተመታ ሲወጣና ቱቦው ደጋግሞ በውሃ ሲታጠብ ከአንድ ቦታ እንኳ አልተጨፈለቀም ነበር።

እጅግ ያደነቅኩት ግን ከዚያ በኋላ የመጣውን ነው። ድስቱ ውስጥ የሚገባው ክፍል ምንም ዓይነት ብየዳ የለበትም፤ ቱቦው አንድ ወጥ ነው። ሁለቱ ጫፎች የድስቱን አፍ ተሻግረው ወደ ውጭ ከታጠፉ በኋላ ወደ ታች እንዲዘቀዝቁ አድርገዋቸዋል፤ ምክንያቱን ስጠይቃቸው የጎማው መጋጠሚያ አንድ ቀን ማፍሰሱ ስለማይቀር ጠብታው ወለሉ ላይ እንጂ ቢራው ውስጥ መግባት እንደሌለበት አስረዱኝ። ከማስረከባቸው በፊት ውሃ ለቀውበት ከሥሩ ደረቅ ካርቶን አነጠፉ፤ ካርቶኑ ላይ አንዲት ነጥብ እርጥበት አለመታየቷን እኔም ጎንበስ ብዬ እንዳይ አደረጉ። በእሳቸው ምክር መሠረት ቱቦውን ከመጀመሪያው ጠመቃ በፊት አቼቶ ባለበት ውሃ ቀቅዬ አጠብኩት፤ በጠመቃ ጊዜ ደግሞ ከሚፈላው ዎርት ጋር ለመጨረሻዎቹ 15 ደቂቃዎች አብሮ ስለሚፈላ ተጨማሪ ኬሚካል አያስፈልገውም።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሠፈር ቧንቧ ከፍቶ ወደ ፍሳሽ መልቀቅ አይታሰብም። ለዚህም ጋሼ ከአሮጌ ኤርኩለር የወጣች ትንሽ የውሃ ፓምፕ አጽድተው አዘጋጁልኝ። መጀመሪያ በበርሜል ያጠራቀምኩት ውሃ በጥቅልሉ አልፎ ዎርቱን ወደ 40 ዲግሪ ያወርደዋል፤ የሚወጣውን ሙቅ ውሃ ባልዲ ተቀብሎት ለዕቃ ማጠቢያ ይውላል። ከዚያ በኋላ ፓምፗ ቀድሞ በረዶ የሆነ ሃይላንድ የተደረደረበት ሣፋ ውስጥ ገብታ ያንኑ ቀዝቃዛ ውሃ ታዞራለች። በዚህ አሠራር 10 ሊትሩ ከግማሽ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ 20 ዲግሪ ይደርሳል።

ሁለተኛው ሥራ ፍሪጁን የሚመለከት ነው። የቤት ፍሪጅ የራሱ ቴርሞስታት ምግብ ለማቆየት በ4 ዲግሪ አካባቢ እንዲሠራ የተዘጋጀ በመሆኑ ለኤል እርሾ ከመጠን በላይ ቀዝቃዛ ነው፤ እርሾው እዚያ ውስጥ ይተኛል። ጋሼ የፍሪጁን የውስጥ አካል ሳይነኩ ኤሌክትሪኩ በውጭ ዲጂታል መቆጣጠሪያ በኩል እንዲያልፍ አደረጉ፤ ቢራው ከተወሰነለት ሙቀት ሲያልፍ ኮምፕሬሰሩ ይነሳል፣ ሲወርድ ይጠፋል። የሴንሰሩን ሽቦ ለማስገባት ጎኑን ይበሱታል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እሳቸው ግን በብዙ ፍሪጆች ግድግዳ ውስጥ የጋዝ ቱቦ ስለሚያልፍ ሳያውቁ መብሳት ፍሪጁን መግደል መሆኑን ነግረውኝ ቀጭኗን ሽቦ በበሩ ጎማ ሥር አሳለፏት። ኮምፕሬሰሩ ከጠፋ በኋላ ቢያንስ 3 ደቂቃ ሳይሞላ እንዳይነሳም አስተካከሉት፤ የጋዙ ግፊት ሳይመጣጠን ተነስቶ ቢጨናነቅ ሞተሩ ይቃጠላል።

ከዚያም ሴንሰሩን እጃቸው ላይ አንጠልጥለው «የቱን ነው የምትለካው ልጄ፣ አየሩን ነው ቢራውን?» አሉኝ። እርሾ ስኳሩን ሲያብላላ ራሱ ሙቀት ስለሚፈጥር፣ በሥራው ትኩስነት ጊዜ ቢራው በዙሪያው ካለው አየር በጥቂት ዲግሪዎች ይበልጣል። በመሆኑም ሴንሰሩን በበርሜሉ ጎን ላይ ለጥፈው ከላዩ ስፖንጅ ደረቡበትና በፕላስተር አሠሩት። ስለ ጠመቃ አንብቤ ያላገኘሁትን ይህን ጉዳይ ከአንድ ፍሪጅ ጠጋኝ መማሬን በደስታ እመሰክራለሁ።

መብራት ሲጠፋ ምን ይሁን ለሚለውም መልስ ነበራቸው። በሩን አለመክፈት፣ በረዶ የሆነ ሃይላንድ ከበርሜሉ አጠገብ ማቆም፣ መብራቱ ሲመለስ ደግሞ የቮልቴጁ መዋዠቅ ጉዳት እንዳያደርስ ስታቢላይዘር መጠቀም። 10 ሊትር ፈሳሽ በቀላሉ ስለማይሞቅ አጭር የመብራት መቋረጥ ብዙ አያስጨንቅም።

ውጤቱን በተመለከተ፣ አሁን የምጠምቀው ቢራ የሆፕሱ ሽታ ከብርጭቆው አፍ ጀምሮ ይታወቃል፤ ምሬቱም ምላስ ላይ ተጣብቆ የሚቀር አይደለም። ጓደኞቼ ወደውታል። አክስቴ ግን አንድ ጊዜ ተጎንጭታ «ጌሾው በዝቷል» ብላ ብርጭቆውን መልሳልኛለች፤ አይፒኤን በዚያ መልክ የነቀፈ ሰው እሷ ብቻ ስላልሆነች አልተከራከርኳትም። ጋሼ ራሳቸው መጠጥ አይቀምሱም። ቤቴ መጥተው ሥራቸውን ሲያዩም የመቆጣጠሪያውን ቁጥር አንብበው፣ ስፖንጁን ጫን ጫን አድርገው፣ ቡናቸውን ጠጥተው ነው የሄዱት።

ስለ ሒሳቡ፣ የዕቃውን ደረሰኝ ለብቻ፣ የእጃቸውን ዋጋ ለብቻ ጽፈው ነው የሰጡኝ፤ የተረፈውን ቁራጭ መዳብም ጠቅልለው መልሰውልኛል። ዋጋቸው ተመጣጣኝ ነው ብዬ ለመናገር እደፍራለሁ። አንድ ቅሬታ ግን አለኝ፤ በተናገሩት ቀን አያስረክቡም። አጋዥ ስለሌላቸውና የሥጋ ቤትና የመጠጥ ቤት ፍሪጅ ሲበላሽ ቅድሚያ ስለሚሰጡ፣ የእኔን መሰል ሥራ ወደ ኋላ ይገፉታል። በተለይ ከበዓል በፊት ባለው ሳምንት ባትሄዱ ይሻላል።

ጥቅልል ቱቦ ማሠራት የምትፈልጉ ድስታችሁን ራሱን ይዛችሁ ሂዱ፤ በስልክ በተነገራቸው ልክ አይጀምሩም። ፍሪጅ የምታመጡም ብትሆኑ ለአንድ ቀን ያህል አጥፍታችሁ በረዶውን አሟሙታችሁና አድርቃችሁ አምጡት፤ ሲጓጓዝም ሳይጋደም ቆሞ ይምጣ። ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።