ጣሪያዋ የሚከፈት ወይስ ድፍን? ስፖርት መኪና ለአዳማ ሰው

ጓደኛዬ ሁለት ወንበር ያላት ስፖርት መኪና እያማረጠ ነው። ጣሪያዋ ይከፈት ወይስ ድፍን ትሁን?

ከአቧራው እንጀምር። አዳማ የንፋስ ተርባይን የተተከለባት ከተማ ናት፤ ንፋሷ አይቀለድበትም። ከፍተህ ትንሽ ከቆምክ ዳሽቦርዱ ላይ በጣትህ ስምህን ትጽፋለህ። ጥቁር የቆዳ ወንበርማ ቀትር ላይ ምጣድ ነው! ድፍኗ ከሆነች መስኮት ዘግተህ ኤሲ ትከፍታለህ፣ አለቀ።

ጥንካሬ፦ ጣሪያ የመኪናን አካል አንድ ላይ ይይዛል። እሱ ሲነሳ ፋብሪካው ወለሉንና ጎኑን ያጠናክራል፤ ክብደት ይጨምራል።

ስርቆት፦ የሸራ ጣሪያ በምላጭ ይቀደዳል። የሚታጠፈው የብረት ጣሪያ አይቀደድም፤ ጣሪያውን የሚያጥፈው ሞተር ሲበላሽ ግን ባለሙያ ፈልግ እንግዲህ።

ጩኸት፦ ፈጣን መንገዱ ላይ በ100 ስትነዳ ክፍቷ ውስጥ ወሬ የለም።

ግን አመሻሽ ላይ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ወደ ሶደሬ ቀስ እያልክ ስትወርድ ክፍቷን የሚያህል የለም። እዚህ ላይ አልከራከርም።

ጋራዥ ካለህና ለቅዳሜና እሁድ ብቻ ከሆነች፣ ክፍቷን። ደጅ የምታድር ከሆነ ወይም በየቀኑ አዲስ አበባ የምትመላለስባት ከሆነ፣ ድፍኗን። እኔ ብሆን ድፍኗን ገዝቼ መስኮቷን እስከ ታች አወርድ ነበር።