በእጅ የሚዞረው ስጋ መፍጫዬ

ትናንት የተጠበሰ ስጋ ዛሬ ሲሞቅ ድርቅ ይላል። ልጆቼ አይነኩትም ነበር፤ መድፋቱ ደግሞ አንጀቴን ይበላኛል። ይህን መፍጫ የገዛሁት ለዚሁ ነው። ስድስት ወር ሆነኝ፣ በጣም ወድጄዋለሁ።

ስጋውን ከፍሪጅ እንዳወጣሁት፣ ሳይሞቅ እፈጨዋለሁ። ከሞቀ ስቡ ይላቁጣል። ጅማቱን ቀድሜ አወጣለሁ፣ አለዚያ ምላጩ ላይ ይጠመጠማል። መጨረሻ ላይ ቁራሽ ደረቅ ዳቦ እከትበታለሁ። ውስጥ የቀረውን ስጋ ገፍቶ ያወጣልኛል፤ ዳቦውም እዚያው ይደባለቃል።

ከዚያ የተረፈ ቅቅል ድንች፣ የተከተፈ ሽንኩርትና አንድ እንቁላል እጨምራለሁ። በመዳፌ ጠፍጠፍ አድርጌ እጠብሰዋለሁ። ጠርዙ ቡናማ ሆኖ ኮሽ ሲል ደርሷል። ትንሿ ልጄ የትናንቱ ስጋ ነው ብላት አላመነችኝም፤ እንዲጨመርላት ጠየቀችኝ! ሩዝ የተረፈ ቀን ከስጋው ጋር ቀላቅዬ፣ ፍሬው የወጣለት ቲማቲም ውስጥ ሞልቼ ኦቭን ውስጥ አስገባዋለሁ።

ቅር ያለኝ ነገርም አለ። ጠረጴዛው ላይ የሚያስረው ብሎን ይላላል፤ ከስሩ ወፍራም ጨርቅ አደርጋለሁ። ብረቱም ታጥቦ ወዲያው ካልደረቀ ይዝጋል።

አንድ ነገር አደራ፦ መፍጫው የተበላሸ ስጋ አያድንም። የተረፈውን ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ አላቆይም፤ ፍሪጅ ውስጥም ከ3 እስከ 4 ቀን ነው። ሳበስለው መሃሉ 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረሱን በቴርሞሜትር አያለሁ።