መብራት ሲሄድ አብሮ የሚሄድ ሎግ፦ ስዊቼ ከስምንት ወር በኋላ

የኔትወርክ ስዊቹን ከገዛሁት ስምንት ወር ሆኖኛል። ባለ 24 ፖርት (የገመድ መሰኪያ) ነው። ቱሉ ዲምቱ ባለው የእንጨት ሥራ ቤታችን ካሜራዎቹንና ቢሮውን ያገናኛል። ኔትወርኩን በደንብ ያስኬዳል፤ በዚህ አልወቅሰውም።

ያናደደኝ ሎጉ ነው፤ የሆነውን ነገር ከነሰዓቱ የሚጽፍበት መዝገብ። አንዱ ካሜራ ጠዋት ጠዋት ጠፍቶ ይመለሳል። ምክንያቱን ለማየት ከሰዓት በኋላ ሎጉን ከፈትኩ። የጠዋቱ የለም! ቀን ላይ መብራት ሄዶ ነበር። ለካ ሎጉ የሚቀመጠው ራም ላይ፣ መብራት ሲሄድ በሚጠፋው ጊዜያዊ ማስታወሻ ላይ ነው። መብራት ከመጣ በኋላ የተጻፉት ጥቂት መስመሮችም ቀናቸው 1970 ይላል፤ ሰዓት የሚይዝለት ባትሪ የለውም።

ሻጩ «ሁሉንም ራሱ ይመዘግባል» ብሎኝ ነበር። ወንድሜ፣ የኛን ሰፈር መብራት አታውቀውም? ሎጉን ወደ ሌላ ማሽን መላክ እንዳለብኝ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?

ቤት የተቀመጠ አሮጌ ላፕቶፕ አመጣሁ። ኡቡንቱ (ነፃ ስርዓተ ክወና) ጫንኩበት፤ አርሲስሎግ የሚባለው ሎግ ሰብሳቢ ፕሮግራም በዩዲፒ (የመረጃ መላኪያ ዘዴ) ፖርት ቁጥር 514 እንዲቀበል አደረግኩ፤ ስዊቹ ላይ የላፕቶፑን አይፒ (የኔትወርክ አድራሻ) አስገባሁ። የመልእክቱ ደረጃ ከ0 (በጣም አስቸኳይ) እስከ 7 (ጥቃቅኑ ሁሉ) ነው። 7 ላይ ሳደርገው በማይረባ ነገር አጥለቀለቀኝ፤ 6 ይበቃል። ስዊቹ ሰዓቱንም በኤንቲፒ (በኔትወርክ ሰዓት ማስተካከያ) ከዚያው ላፕቶፕ ይወስዳል፤ ኢንተርኔት ባይኖርም ችግር የለም። ዩዲፒ መድረሱን ስለማያረጋግጥ አንዳንድ መስመር መንገድ ላይ ይቀራል፤ ከምንም ይሻላል።

በማግስቱ መጣልኝ፦ ፖርት 7 ወረደ፣ ፖርት 7 ተነሳ፤ የካሜራው መሰኪያ ግንኙነቱ ተቋርጦ ተመለሰ ማለት ነው። ሰዓቱ 05:30። በእኛ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ማለት ነው። ያን ጊዜ ግቢው ውስጥ ያሉት ጥበቃው ብቻ ናቸው። ትልቅ ሰው ናቸው፤ ገመድ ነክተው እንደሆነ ልጠይቃቸው ተነስቼ ነበር። ደግነቱ ቀድሜ የሰዓት ቀጠናውን አየሁት። ዜሮ ላይ ነው! የእኛ ሦስት ሰዓት ሲደመርበት 08:30፣ ማለትም ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ይሆናል። መጋዙ የሚነሳበት ሰዓት። ሄጄ ሳይ የካሜራው ገመድ ከመጋዙ የኃይል መስመር ጋር አንድ ቱቦ ውስጥ ገብቷል። መጋዙ ሲነሳ የኃይል መስመሩ ይረብሸው ነበር ማለት ነው። ለየሁት። ከዚያ ወዲህ ካሜራው ጠፍቶ አያውቅም።

ስዊቹን አልሸጠውም፤ ያለ ላፕቶፑ ግን ለማንም ግዙ አልልም። ትናንት ማታም መብራት ሄዶ ነበር። ጠዋት ስከፍት ላፕቶፑ ላይ እስከሄደበት ደቂቃ ድረስ ያለው ቁጭ ብሏል። የስዊቹ ግን መብራት ከመጣ በኋላ ነው የሚጀምረው።